ዘፋኝ የሌለው አምባሰል

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጃዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ራሴ እስካሁን አልገባኝም። ቀን ቀን መድኃኒት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽሮፕ እሸጣለሁ። ሰው ጭር ሲል ከባንኮኒው ሥር ጊታሬን አወጣና እነካካለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ መጣ። እኔ ደግሞ አንዲት አስቸጋሪ ኮርድ ይዤ ጣቶቼን ከክሩ ማላቀቅ አቃተኝ። ሰውዬው ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሲመረው፣ "አንድ ፍሬ ነበር የፈለግሁት፤ አሁንስ እሽጉን ስጠኝ" ብሎ ይዞ ሄደ። ሚስቴ ወይንሸት ይህን ስትሰማ፣ "እንግዲያው በርትተህ ተጫወት፤ ለገበያው ጥሩ ነው" አለችኝ። እንዲህ ናት እሷ።

ብቻዬን ብሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው መድኃኒት ቤት ውስጥ ይቀር ነበር። ጥፋቱ የሰይድ ነው። ሰይድ ከጎኔ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል፣ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ደንበኛ መጥቶ ቢጮህም አይገልጥም። ሦስተኛችን ጌታሁን ነው፣ የሒሳብ መምህርና ድራም መቺ። ጌታሁን ከተናገረ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ቃል በጣም ይቆጥባል።

ሦስታችን ማታ ማታ እየተሰበሰብን የውጭዎቹን የጃዝ ጊታር ትሪዮ አልበም እናዳምጥ ነበር። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፤ ሌላ ምንም የለውም። እነዚያ ሰዎች የሚጫወቱት አዲስ ዘፈን አይደለም። አገራቸው ሁሉ ከአያቶቹ ጀምሮ የሚያውቀውን የድሮ ዜማ ነው፤ "ስታንዳርድ" ይሉታል። ግጥሙን ያስቀሩና ዜማውን ብቻ ይዘው ያገላብጡታል። አድማጩ ግጥሙን በልቡ ስለሚያውቀው ማንም ባይዘፍንለት ቅር አይለውም። ታዲያ አንድ ቀን ሰይድ ዓይኑን ገለጠና (ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው)፣ "እኛስ ስታንዳርድ አጣን እንዴ?" አለ። "ትዝታ አለን፣ ባቲ አለን፣ አንቺሆዬ አለን። ኧረ አምባሰልን የሚያህል ስታንዳርድ ከየት ይመጣል? ተራራው ራሱ እዚህ አፍንጫችን ሥር ቆሞ!"

አልበማችን እንዲህ ተጀመረ። የሳሎኔን መስኮት በፍራሽ ደፈንኩ፣ ግድግዳውን ብርድ ልብስ አለበስኩ፣ ማይክና ላፕቶፕ ዘረጋሁ። ወይንሸት ከበር ላይ ቆማ አይታ፣ "ሰው ሊታፈን ነው ወይስ ሊዘፈን?" አለች። ሰው አይዘፍንም፣ ዋናው ቁም ነገሩም እሱ ነው ብዬ ላስረዳት ብሞክር ጥላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ትዝታን ቀዳን። አንቺሆዬን ቀዳን። ባቲን ቀዳን። አምባሰልን ግን ለመጨረሻ አቆየነው፤ እውነቱን ለመናገር ፈርተነው ነው። ባቲን ብናበላሸው ባቲዎች እስኪሰሙ ድረስ ጊዜ አለን። አምባሰልን ብናበላሸው ግን በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰው ፊቴን ያየኛል። በዚያ ላይ አልበሙ ያለ አምባሰል አይታሰብም። የወሎ ልጅ ስታንዳርድ ቀዳሁ ብሎ አምባሰልን ከተወ ምን ቀዳ ይባላል?

እንዲህ ስንፈራ ስንቸር ሰይድ አንድ ሰኞ መጥቶ ወንድሙ ሰመራ ትልቅ መደብር መክፈቱን፣ እሱ ራሱም ጠቅልሎ ወደዚያ ሊሄድ መሆኑን ነገረን። የአጎቱ ልጅ ከማል በጭነት መኪናው ከወልድያ ሲመለስ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ይዞት ያልፋል። ጌታሁን፣ "እህ" አለ። ለጌታሁን ይህ ረጅም ንግግር ነው። እኔ ግን፣ ምን እንደማወራም አላውቅ፣ "አምባሰልስ?" አልኩ። ለስንት ዘመን አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ አገር ለቅቆ ሊሄድ ነው፣ እኔ የማስበው ስለ አልበሙ ትራክ ነው! ሰይድም እንደኔው ጉደኛ ስለሆነ፣ "ቅዳሜ ጠዋት አለን አይደል?" አለኝ።

የቀረን እንግዲህ ያቺ የቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበረች። ሰይድ ሰመራ ከገባ በኋላ ሦስታችንን አንድ ክፍል ውስጥ የሚሰበስብ ነገር አይገኝም፤ ወይ ቅዳሜ ይቀዳል ወይ አልበሙ አምባሰል የሌለው የወሎ አልበም ሆኖ ይቀራል።

ጣጣው ጎረቤቶቼ ናቸው። መልካም ሰዎች ናቸው፣ ግን ድምፅ አላቸው። እትዬ ዘሐራ ከደጃቸው ሆነው መንገድ ማዶ ካለች እህታቸው ጋር ነው የሚያወሩት። ባጃጆቹ ጥግ ላይ ሲደርሱ ያለ ምክንያት ጥሩምባ ይነፋሉ። ቅዳሜ ደግሞ አሣ ይዞ የሚዞረው ሰውዬ ሐይቁ ድረስ የሚሰማ ጉሮሮ አለው። ፍራሹ ይህን ሁሉ አይችለውም። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔና ሰይድ ንጹሕ ልብስ ለብሰን፣ ቤት ለቤት ዞረን ዝምታ ልንለምን ወጣን።

መጀመሪያ እትዬ ዘሐራ ጋ ገባን። የልጁ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ጤና ከተጠያየቅን በኋላ፣ "ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቤት አንዲት ነገር አለችን" አልኳቸው።

"እሰይ! አላህ ያሳምረው። ምን ይዘን እንምጣ?"

እኛ ጋ እንዲህ ማለት ሰላምታ ነው፤ አልጠረጠርኩም። ቀልደኛ ነኝ ብዬም ስለማምን፣ "ምንም እትዬ ዘሐራ፤ ዝምታ ብቻ" አልኳቸው።

"ድምፅ እንዳይሰማ አደራ" አለ ሰይድ።

እትዬ ዘሐራ እኔን አዩ፤ ሰይድን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰድ አድርገው፣ "አብሽሩ፤ ገብቶኛል" አሉ። ምን ያስለቅሳቸዋል ብዬ ብገረምም፣ ኪነ ጥበብ የሚገባቸው ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ቀጥለን አያ ይመር ጋ ሄድን። አያ ይመር የሰፈራችን መራቂ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ምርቃት ሙሽራ አይወጣም፣ መንገደኛ አይነሳም። "በስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። "በሁለት እንጀምራለን" አልኳቸው። "ነገሩ በጸጥታ ነው?" አሉኝ። "በጣም በጸጥታ" አልኳቸው። "ይሻላል፤ ዓይን ብዙ ነው" አሉ። የሰፈሩን በር ሁሉ እንዲህ አንኳኩተን ስንጨርስ፣ "እንዴት ያለ የሠለጠነ ሰፈር ነው!" ብዬ ለሰይድ ነገርኩት።

ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ጆሮ ማዳመጫችንን አድርገን ጀመርን። እንዴት ያለ ጸጥታ! ባጃጅ የለ፣ አሣ ሻጭ የለ፣ እትዬ ዘሐራ እንኳ አይሰሙም። ደስታዬ ወደ ጣቶቼ ወረደ። አምባሰል ከጊታሬ ለስለስ ብላ ወጣች፤ ሰይድ ከሥር ከሥሯ እየተከተለ፣ ጌታሁን ድራሙን በብሩሽ እየዳበሰ፣ ልክ እንዳለምነው ሄደች። ዜማው ሊታጠፍ ሲል፣ "ምእእእእ!"

መስኮቴ ሥር ነው። ጌታሁን ብሩሹን አስቀመጠና፣ "ቅኝቱን ጠብቋል" አለ።

በሩን ከፈትኩ። ግቢዬ ሙሉ ሰው ነው። በአጥሩ ዙሪያ የእድር አግዳሚ ተደርድሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ተቀምጧል። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በመዳፋቸው ይዘዋል። የጥጉ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ አምጥቶ አቁሟል። አሣ ሻጩ አሣውን ታቅፎ ተቀምጧል። መስኮቴ አጠገብ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር አንድ ቀይ ፍየል ታስሯል። መሃላቸው ወይንሸት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ታየኛለች። አስተያየቷን አልነግራችሁም።

"እትዬ ዘሐራ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?" አልኩ በሹክሹክታ፤ ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ እንጃ።

"ዝም እያልን ነዋ!" አሉኝ እሳቸውም በሹክሹክታ።

የሆነውን ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። እኛ አገር አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን አብረው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ ቤት ለቤት ዞረው "ቅዳሜ" ካሉ ድግስ ነው። የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳልና ጠሪውም ሁለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ማንም አይሰማም፤ ቀኑ ከተያዘ ምን ቀረ? እኔ ደግሞ ተወልጄ ያደግሁበትን ልማድ ረስቼ፣ ሰይድን ከጎኔ አስከትዬ ሰፈሩን ጠርቼዋለሁ። ሰይድ ሊሄድ መሆኑ ተሰምቷል፤ መቼም ሰው ሳይሸኝ አይሄድም፤ ስለዚህ ሽኝት ነው ተብሏል። ለምን ድምፅ እንዳይሰማ ተባለ ሲባል ደግሞ፣ አያ ይመር፣ "ልጁ ሆደ ባሻ ነው፤ ለቅሶ እንዳይሆንበት ብለው ነው" ብለው ፈትተውታል።

"ፍየሉስ?" አልኩ።

"ሽኝት ያለ ፍየል ይሆናል እንዴ?" አሉ አያ ይመር። "ይኼ የኛ ነው። የናንተው ከጓሮ አለ።"

ከጓሮ፣ "ምእእእ" አለ የኛው።

እስቲ በሉኝ፣ ምን ልበል? ድግስ አይደለም፣ ቀረጻ ነው፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ ልበል? እኔ ከዚህ ሰፈር ሌላ መኖሪያ የለኝም። ወይንሸት ግን እንደኔ አላመነታችም። "እንግዳ ደጅ ላይ አይቀመጥም!" አለችና በሩን ወለል አድርጋ ሰዉን ወደ ሳሎን አስገባች። መቀመጫ ሲጠፋ ከመስኮቱ ላይ ፍራሾቹን አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈች። የድምፅ መከላከያዬ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተቀመጠበት። ፍየሎቹም ወደ ጎረቤት ተወሰዱ።

"እንግዲህ ቀጥሉ፤ እኛ የለንም በሉ" አሉ አያ ይመር፣ የጌታሁንን ድራም ተደግፈው።

ጀመርን። መቼም እግዜር ያሳያችሁ፣ እትዬ ዘሐራ ከፊቴ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ። የመጀመሪያው ዙር በደህና አለቀ። ሁለተኛው ሲጀምር እትዬ ዘሐራ መወዛወዝ ጀመሩ፣ እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደ፣ ከዚያ አልቻሉም፦

"ተቀበል! ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ጀልባውን ሳየው፣
አሣ ይዞ መጣ፣ እኔ ስጠብቅ ሰው!"

ቤቱ፣ "ውይ! ውይ! ውይ!" አለ። አሣ ሻጩ አሣውን ይበልጥ ታቀፈ። ግጥሟ ጥሩ ናት፣ አልክድም። ችግሩ ግጥም ሲሰጥ ዘፋኙ ተቀብሎ በዜማ መመለስ አለበት፤ እኛ ጋ ደግሞ ተቀባይ የለም። ሦስታችን አንገታችንን ደፍተን መሣሪያችንን እንነካካለን። የእትዬ ዘሐራ ግጥም አየር ላይ ቀረች። ሰዉ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሰይድን፣ ከዚያ ጌታሁንን አየ። እትዬ ዘሐራ ደንግጠው፣ "ምነው? ምን አጠፋሁ?" አሉ። ይህን ጊዜ አያ ይመር ሊክሷቸው ተነሱ፦

"ጊታሩ ብቻውን ወሬ ደጋገመ፣
ዘፋኙ የት ሄደ? ምን ሆኖ ታመመ?"

ሳቁ ማይኩን ሊሰብረው ደረሰ። ላፕቶፑን አቆምኩና ተነስቼ ስለ ጃዝ ማስረዳት ጀመርኩ። ዘፋኝ የለውም፣ ሆን ብለን ነው አልኳቸው። "ሆን ብላችሁ?" አሉ እትዬ ዘሐራ፣ ሰው ሆን ብሎ ጨው የሌለው ወጥ ሠርቶ ያቀረበላቸው ያህል። ሰሚው ግጥሙን በልቡ ይላል አልኳቸው። "በልቡ ካለውማ ማን ተቀብሎት?" አሉኝ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ "ዘፋኝ ከቸገራቸው የእህቴ ልጅ አለ፤ ትንሽ ይንተባተባል እንጂ ድምፁ መልካም ነው" አለች።

ያዳነን ሰይድ ነው። "ወላሂ እትዬ ዘሐራ፣ ዛሬን ብቻ በልብዎ ይበሉት። ለኔ ብለው" አላቸው።

"ላንተማ!" አሉ። "ላንተ ስልማ አፌን እሰፋዋለሁ።"

ሦስተኛው ሙከራ ላይ በእርግጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። ግን ቤት ሙሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ፣ እንደ ታማሚ ጠያቂ እያዘነልኝ ሲያየኝ ጣቴ ከክሩ ተንሸራተተ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከማል ነው፤ ደርሷል።

ሰይድ ቤዙን እንደያዘ ዓይኑን ገለጠ። "አንዴ ብቻ" አለኝ። ከማል ከበር ላይ ሆኖ፣ "ኧረ ቶሎ፣ ሳይመሽብን ሚሌን እንለፍ!" ሲል ወይንሸት አንድ ትሪ ምግብ ፊቱ አስቀመጠችለት። እኛ አገር ትሪ የቀረበለት ሰው ትቶ አይነሳም፤ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ሚስቴ ያቺን ጊዜ እንዴት እንደወደድኳት!

መቅጃውን ከፍቼ ጀመርን። መቼም እንዲህ ተጫውተን አናውቅም። የሰይድ ቤዝ ከመሬት የሚመጣ ይመስላል። የጌታሁን ብሩሽ ይተነፍሳል። እኔም ስለ ትራኩ ማሰብ ረስቼ፣ ከዚህ በኋላ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ ጎን ለጎን የሚሰማኝ ያ ቤዝ እንደማይኖር ገባኝና ክሩ በዓይኔ ደበዘዘብኝ። ዜማው ወደ መጨረሻው ዙር ገባ። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ቀረን።

አያ ይመር ተነሱ።

መንገደኛ ሊነሳ ነው፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ምርቃት አልተመረቀም፤ ከዚህ በላይ ሊታገሡ አልቻሉም። አንገቴን "አይሆንም፣ አይሆንም" ብዬ ወዘወዝኩ። እሳቸው በዜማው ተመስጬ የምወዘወዝ መሰላቸውና ደስ አላቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው፣

"መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!" አሉ።

"አሚን!" አለ ቤቱ።

ይህ ሰፈር ለአራት ሙከራ ያፈነውን ትንፋሽ በዚያች "አሚን" ነው የለቀቀው። ብርድ ልብሶቹ ከግድግዳው ላይ ተነቃነቁ። ማቆም ይገባኝ ነበር፤ ግን ጌታሁን አላቆመም። "አሚን" ስታርፍ ብሩሹም አብራ አረፈች፤ እንደገና ሲመርቁ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እንቅፋት አይምታህ፣ እሾህ አይውጋህ!"

"አሚን!"

"የሰመራን ሙቀት ያቅልልህ!"

"አሚን!" አለ ከማል አፉ ምግብ እንደሞላ፤ የሙቀቱን ነገር እሱ ያውቀዋል።

እጄ ሳላዘው አብሮ ሄደ። አያ ይመር ይላሉ፣ ጊታሩ ይመልሳል፣ ሰዉ ይቀበላል። እትዬ ዘሐራ አፋቸው ተፈትቶ እንባቸው እየወረደ ከሁሉ በላይ ይጮሃሉ። ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን ይላል፤ ማን የቱን እንዳለ መለየት አይቻልም። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል፣ ቤዙን ግን አልለቀቀም።

"ሂድ፣ ተመለስ! ደጅህ ክፍት ይቆይህ!"

"አሚን!"

የመጨረሻዋን ኮርድ እዚያች ላይ መታኋት። ሰይድ ቤዙን ከአንገቱ አወረደና ተቃቀፍን። ጌታሁንም አቀፈውና፣ "ደርሰህ ደውል፤ ብቻህን አትብላ፤ ውሃ ጠጣ" አለው። ይህን ያህል ቃል ከጌታሁን አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መኪናው ሄደ፤ እኛም ፍየሎቹን አስመጥተን ለየብቻ አረድን፤ ሰፈሩ በላ፣ ጨፈረ፣ ወይንሸትም እስክስታ ወረደች። እኔ ጥግ ይዤ ቀረጻውን አዳመጥኩ። እንዲህ ያለ አምባሰል ተጫውቼ አላውቅም፤ ሙሉው ግን በ"አሚን" ተሞልቷል።

በማግስቱ አልበሙን ድምፁን አስማምቶ ሚክስ ለሚያደርግልን አዲስ አበባ ላለው ባለሙያ ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ። "የመጨረሻው ትራክ በጣም ድንቅ ነው" አለ፤ "ሰዎቹ የሚጮኹበትን ግን እቆርጠዋለሁ። የጃዝ ትሪዮ ነው አላልከኝም? ንጹሕ እናድርገው።"

"ቆይ" አልኩት። "ሰይድ ገና አልደወለልኝም። ሰው መንገድ ላይ እያለ ምርቃቱ ይነካል እንዴ?"

ሰውዬው ትዕግሥተኛ ነው፤ እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከሰዓት በኋላ ሰይድ ደወለ። ገብቷል፤ ሙቀቱም እንደተባለው ቀለል ብሎታል። ማታ ባለሙያው መልሶ ደወለ።

"እህ፣ ጓደኛህ ደረሰ?"

"ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"በቃ፣ አሁን ልቁረጠው?"

"አያ ይመር ያሉት 'ሂድ፣ ተመለስ' ነው" አልኩት። "ሄደ እንጂ መች ተመለሰ? እንዳለ ተወው።"